ለዳኝነቱ የተተኮሰች ጥይት

ሚስ ኢነዝ ታኬት የሞቱት በሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው።

ወንበሩ የሊዮና ብራንሃም ነበር። ሊዮና ለላረል ፎርክ አውራጃ ዳኝነት የምትወዳደር ጠበቃ ናት። የምርጫ ቢሮዋን የከፈተችው ድሮ ጫማ ይሸጥበት በነበረ ቤት ነው፤ ፊቱ ሙሉ መስተዋት፣ ከመንገዱ ማዶ ጅረቱ፣ ከጅረቱ ማዶ ተራራው። መስተዋቱ ላይ ፊቷ ያለበት ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል። ጥይቱ በፖስተሩ ቀኝ ጉንጭ በኩል ገባ። ከጀርባው የተቀመጡትን አሮጊት ደረታቸውን መታ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። የሚቀጥለው ማክሰኞ ምርጫ ነው።

ተኩሱን ብዙ ሰው ሰምቶታል። ማንም ግን ቀና ብሎ አላየም። የአጋዘን አደን ሊከፈት ስለተቃረበ የኬንታኪ ተራራ ሁሉ ጠመንጃውን እየሞከረ ነበር።

የግዛቱ ፖሊስ መርማሪ ዳርላ ፉጌት ራሷ ሰምታዋለች። ያን ሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ የበቆሎ ዳቦዋን በቦሎቄ ሾርባ እያጠቀሰች ነበር። እራቱ ለሊዮና የተዘጋጀ ነው፤ ግማሹ ከተማ እዚያ ነበር። ሊዮና ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች እጅ ትጨብጣለች። ባሏ ጋርላንድ የሻይ ማቀዝቀዣ በረዶ ሊያመጣ ወጥቶ ቆይቷል። ሁለት ከረጢት በረዶ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲገባ ወንዶቹ አጨበጨቡለት።

"በረዶ ልታመጣ ሰሜን ዋልታ ሄድክ እንዴ?"

"ምን ላድርግ፣ ኦቲስ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ነው" አለ እየሳቀ።

እራቱ ሳያልቅ ባልና ሚስቱ ተጨማሪ የምርጫ ወረቀት ሊያመጡ ወደ ቢሮው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ የዳርላ ስልክ ጮኸ።

"ነይ" አለች ሊዮና። ድምጿ የሌላ ሰው ይመስላል። "ቶሎ ነይ።"

ዳርላ ስትደርስ ሊዮና በሩ ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ጋርላንድ የተሰባበረው መስተዋት ላይ ተንበርክኳል። ያ ግዙፍ የድሮ ማዕድን ቆፋሪ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል።

"እዚህ ምን ይሠራሉ? ኧረ ምን ሊሠሩ መጡ?"

"ተነስ ጋርላንድ፣ ይቆርጥሃል።" ዳርላ በብብቱ ይዛ አነሳችው።

ከዚያ ወደ ሚስ ኢነዝ ዞረች። ዳርላን ፊደል ያስቆጠሯት እኚህ ሴት ናቸው። ጭንቅላታቸው ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ መነጽራቸው ጭናቸው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ስልኩና የመራጮች ስም አለ። መብራቱ ጠፍቷል።

መብራቱ ለምን እንደጠፋ ዳርላ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሚስ ኢነዝን ብርሃን የማይችል ራስ ምታት ይይዛቸው ነበር። በትምህርት ቤት ጊዜ እንኳ መጋረጃውን ይዘጉና "ልጆች፣ ዛሬ ጭንቅላቴ ውስጥ ባቡር እያለፈ ስለሆነ በሹክሹክታ አንብቡ" ይሉ ነበር። ቅዳሜም እራቱን ትተው ስልክ ሊደውሉ መጥተው፣ ሲያማቸው መብራቱን አጥፍተው አረፍ ብለዋል።

ዳርላ መነጽሩን አንስታ በላስቲክ ከረጢት ከተተችው።

*

እሑድ ጠዋት ከተማው በሁለት ስም ይንሾካሾክ ነበር።

የመጀመሪያው ስም የዳኛው ነው። ኦርቪል ስታምፐር ከሃያ ዓመት በላይ ያንን ወንበር ይዘዋል። ቅጣት መክፈል ያቃተውን ድሀ ወህኒ ሲያወርዱ ዓይናቸውን አያሹም። ከአራት ዓመት በፊት ሊዮና ተወዳድራቸው በጥቂት ድምፅ ነበር ያመለጧት። ዘንድሮ ግን ጠንከር ብለዋል፤ የከተማው ወሬ ሁሉ እሷ እንደምትሸነፍ ነበር።

ሁለተኛው ስም ዶይል ናፒየር ነው።

ሊዮና ሙሉ ዕድሜዋን ጠበቃ መግዣ ለሌለው ሰው ስትቆም የኖረች የመንግሥት ጠበቃ ናት። አባቷ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ቀርቶ፣ እሷ ምግብ ቤት እየታዘዘች ሕግ የተማረች። ከደንበኞቿ አንዱ ዶይል ነበር። መጋዘን አቃጥለሃል ተብሎ ተከሰሰ። አላቃጠልኩም አለ። ሊዮና ማስረጃውን አየችና ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ቅጣቱን እንዲያቀል መከረችው። ዳኛ ስታምፐር ስድስት ዓመት ፈረዱበት። በወጣ በወሩ ጎማ ቤት ቆሞ፣ ሰው እየሰማ፣ "ያቺን ፊት በመስተዋት ባየሁ ቁጥር መስበር ያምረኛል" አለ።

ሸሪፍ ቬስተር ሆልብሩክ ይህን ሲሰማ ምሳውን እንኳ አልጨረሰም። ዶይልን ከተኛበት ጎትቶ አመጣው።

"ነገሩ አልቋል ዳርላ" አለ። "ጥይቱ የተተኮሰው ከጅረቱ ማዶ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ ላይ ነው አይደል? ይኸው ሁለት ሰው ይሄ ጅል ከዚያ ሲሮጥ አይቶታል። እጁን ደግሞ እዪው፤ ባሩድ!"

ዶይል በሰንሰለት የታሰረ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። መዳፉ እስከ አንጓው ጠቁሯል።

ዳርላ አሸተተችው። "ባሩድ አይደለም። የዋልነት ፍሬ ልጣጭ ነው። አያቴም በየዓመቱ እንዲህ ይሆን ነበር፤ እስከ ገና አይለቅም።"

"እና ዋልነት የሚለቅም ሰው አይተኩስም?"

"ቬስተር፣ እስኪ ውጣልን።"

ሸሪፉ እያጉረመረመ ወጣ። ዳርላ ወንበር ሳበች።

"ቅዳሜ የት ነበርክ?"

"ዋልነት ስለቅም።"

"የት?"

"ከሐዲዱ ሥር፣ ገደሉ ውስጥ።"

"ተኩሱን ሰማኸው?"

"ከራሴ በላይ ነው የጮኸው። ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል።"

"ማንን አየህ?"

"ማንንም። ቀና አላልኩም። ከረጢቴን ጥዬ ሮጥኩ።"

"ለምን?"

ዶይል ሳቀ። ሁለት የፊት ጥርስ የለውም። "እመቤቴ፣ አንቺ ብትሮጪ ደነገጠች ይላሉ። እኔ ስሮጥ ምን እንደሚሉ ታውቂዋለሽ።"

"ሊዮናን ትጠላታለህ?"

"እንዴት አልጠላት? እመን አለችኝ። እሷንም አመንኩ፣ ያላደረግኩትንም አመንኩ። ስድስት ዓመት።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሚስ ኢነዝ ግን እናቴ ስትሞት ኬክ ይዘውልኝ መጥተው ነበር። እስር ቤት ድረስ። ማንም አልመጣም። እሳቸው መጡ" አለ።

ዳርላ ልትነሳ ስትል አንድ ነገር ያዛት። ዶይል ሊዮናን ሊገድል ቢፈልግ ኖሮ፣ ሊዮና ባለችበት ነበር የሚገድለው። ቅዳሜ ግን ሊዮና እራት ላይ መሆኗን ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ በየቤቱ በር ወረቀት ታድሏል፤ ጎማ ቤቱም ላይ ተለጥፏል። ቢሮው ደግሞ ጨለማ ነበር።

ማንም የሌለበት ጨለማ ቤት ላይ የሚተኩስ ምን ፈልጎ ነው?

*

ዳኛ ስታምፐር በረንዳቸው ላይ ተወዛዋዥ ወንበር ላይ ተቀምጠው በኪስ ቢላ ፖም ይልጣሉ።

"እኔን ልትጠይቂ ነው?"

"አዎ፣ ክቡር ዳኛ።"

"ጎሽ። ባትመጪ ይከፋኝ ነበር፤ ሽማግሌ ሆነ ብለሽ የናቅሽኝ ይመስለኝ ነበር። ተቀመጪ።"

"ትናንት ፀሐይ ስትገባ የት ነበሩ?"

"እዚሁ። ሚስቴ ኳስ ታያለች፣ እኔ አንኮራፋለሁ። የምታየው እሷ፣ የማንኮራፋው እኔ፤ ሌላ ምስክር የለኝም።"

"ሊዮና ብራንሃም ብትሞት ማን ይጠቀማል?"

"እኔ።" ፖሙን ቆርጠው በቢላው ጫፍ አቀበሏት። "ግን አልሞተችም። ስላልሞተች ደግሞ ማን እንደሚጠቀም ልንገርሽ? አያቴ ለአውራጃ ግብር ሰብሳቢነት ተወዳድረው ነበር። ሰው የሚላቸው 'ይሄ ደረቅ ሽማግሌ' ነበር። አንድ ሰካራም በምርጫው ሳምንት ተኩሶ ኮፍያቸውን በሳላቸው። ያንን ቀዳዳ ኮፍያ ደፍተው ቤት ለቤት ዞሩ። ተቀናቃኛቸው የራሱን ወንድም ድምፅ እንኳ አላገኘም።"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"እዚህ ተራራ ላይ ሰው የሚመርጠው የተበደለን ነው ማለቴ ነው። እስከ ዓርብ እኔ እየመራሁ ነበር። ማክሰኞ እዘረራለሁ።" ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋት። "ክፉ ነኝ ይሉኛል፤ ይሁን። ግን የገዛ ወንበሬን በጥይት የምመታ ጅል እመስልሻለሁ?"

ዳርላ ፖሙን እያኘከች ወደ መኪናዋ ሄደች። ጣፋጭ ነበር።

*

ሰኞ ሚስ ኢነዝን ቀበሯቸው። ያስተማሯቸው ልጆች፣ አያት የሆኑት ሳይቀሩ፣ ኮረብታውን ሞሉት። ጋርላንድ ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ እግሩ ከዳው፤ ሰዎች ደገፉት። "እንዴት ያለ አንጀተ ርኅሩኅ ነው" አሉ ሴቶቹ።

ሊዮና ስለ ምርጫ አንድ ቃል አልተናገረችም። ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ ነጭ ሆኖ፣ አፈሩ ሲመለስ ብቻ አየች። አለመናገሯ ከመናገር በለጠላት። ማክሰኞ መራጩ በዝናብ ተሰልፎ ዋለ፤ ዳኛ ስታምፐር እንዳሉት ተዘረሩ። ኮሮጆው ተቆጥሮ ሳያልቅ ስልክ ደውለው "እንኳን ደስ አለሽ" አሏት። ያን ያህል ሰው ለላረል ፎርክ ዳኛ ወጥቶ አያውቅም።

ዳርላም መርጣታለች። በሙሉ ልቧ።

ሸሪፉ ፋይሉን ዝጊ ይላታል። ምርመራ ክፍሉ ጥይቱ በምን ዓይነት ጠመንጃ እንደተተኮሰ ነግሯታል፤ በየቤቱ ያለ ተራ የአጋዘን ጠመንጃ ነው። ዶይል ቤት ምንም ጠመንጃ አልተገኘም።

"ወንዝ ጥሎታል" ይላል ሸሪፉ።

"የቱ ወንዝ?"

"ወንዝ ነዋ! ውሃ ሞልቶ!"

ዳርላ ወደ ሐዲዱ ተመልሳ ወጣች። ተኳሹ የተቀመጠበትን፣ ቅጠሉ የተጨፈለቀ ቦታ አገኘች፤ ከዚያ ሆኖ የሚታየው የፖስተሩ ፊት ብቻ ነው። ከፖስተሩ ኋላ ሰው ይኑር አይኑር ቀን እንኳ አይለይም። ስትወርድ እርጥቡ ድንጋይ አዳለጣትና ጉልበቷ ተጣመመ።

እያነከሰች ኦቲስ ማደያ ገባች፤ ጉልበቷ ላይ የምታስርበት በረዶ ፈልጋ።

የበረዶው ማሽን ከውጭ ግድግዳው ሥር ቆሟል። እጀታውን ልትይዝ ስትል እጇ በአየር ላይ ቀረ። በሩ ላይ የሸረሪት ድር ከጫፍ ጫፍ ተዘርግቷል። ድሩ ላይ የደረቀ ቅጠል ተንጠልጥሏል። "አይሠራም" የሚለው ወረቀት ፀሐይ በልቶት ቢጫ ሆኗል።

ይህ ማሽን ከተበላሸ ከርሟል። ቅዳሜ ማንም እዚህ በረዶ ለመግዛት ተሰልፎ ሊሆን አይችልም።

ዳርላ የማደያው ግድግዳ ላይ ተደገፈች። በረዶውን ራሷ ሻይዋ ውስጥ ጨምራዋለች። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ሬሳ ያየ ሰው "ማን ገደላቸው?" ይላል። ጋርላንድ ያንን አንዴም አልጠየቀም። ጋርላንድ ያለቀሰው "እዚህ ምን ይሠራሉ?" እያለ ነው።

ቤቱ ባዶ መሆኑን እርግጠኛ የነበረ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ።

*

ሊዮና በሩን የከፈተችው ካውያ በእጇ ይዛ ነው። ሳሎኑ ውስጥ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር የዳኛ ካባ ተዘርግቷል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ያሰፉላት ስጦታ ነው።

"ጋርላንድ የለም?"

"የምርጫ ሰሌዳዎቹን ከየመንገዱ እየነቀለ ነው። ግቢ፤ ምን ሆነሽ ነው የምታነክሺው?"

ሊዮና ተመልሳ መተኮሷን ቀጠለች፤ ዳርላ አልተቀመጠችም። "አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ቅዳሜ ያ በረዶ ከየት መጣ?"

ካውያው ቆመ።

ሊዮና በፍርድ ቤት ስንት ጥያቄ ጠይቃለች። ጥያቄ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች። ካውያውን ከጨርቁ ላይ አነሳችና በጥንቃቄ አቆመችው።

"ባሌ ላይ እንድመሰክር ሕጉ አያስገድደኝም።"

"አያስገድድሽም።"

"ዝም ብል መብቴ ነው።"

"ነው።"

"ታዲያ ለምን ወደ እኔ መጣሽ? ለምን ቀጥታ እሱን አትጠይቂውም?"

"ዶይል ናፒየር ስላለ" አለች ዳርላ። "ባልሽ ባይናገርና አንቺም ባትናገሪ፣ ሸሪፉ እሱን ይዞ ይቀጥላል። ዐቃቤ ሕጎቹም ይከሱታል። ጠበቃ ይመደብለታል። ጠበቃው ደግሞ ማስረጃውን አይቶ ምን ብሎ እንደሚመክረው ከእኔ አንቺ ታውቂያለሽ።"

ሊዮና በዝግታ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"በረዶው የእኛው ነው" አለች በመጨረሻ። "ከምድር ቤቱ ፍሪዘር። አንደኛው ከረጢት ላይ ከሐምሌ ጀምሮ የፈሰሰ የእንጆሪ ቀለም አለ። አዳራሹ ውስጥ ሲያወርደው አየሁት። ለምን ኦቲስ ማደያ ይላል ብዬ ገረመኝ። ከዚያ ረሳሁት። ከዚያ... ሚስ ኢነዝን አየኋቸው።"

"መቼ ነው የገባሽ?"

"እሑድ ጠመንጃው ከግድግዳው አልነበረም።"

"ጠየቅሽው?"

"አልጠየቅኩትም።" ድምጿ ተሰበረ። "የሰው ባል፣ የሰው ልጅ፣ ፖሊስ፣ ሐኪም... ሁሉንም አፋጥጬ ስጠይቅ ነው የኖርኩት። ቤቴ ውስጥ አንድ ጥያቄ ፈራሁ። ከጠየቅኩት ይነግረኛላ። እሱ እኔን መዋሸት አይችልበትም።"

"ዶይል እየታሰረ?"

"ዶይል እየታሰረ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ሲነጋ ቀብሩ ደረሰ፤ ከዚያ ምርጫው ደረሰ። ሰዉ በዝናብ ሲሰለፍልኝ አየሁ። አንዴ ወንበሩ ላይ ልቀመጥ፣ ለስንቱ ድሀ እፈርዳለሁ፣ ለዚህም መላ እፈልጋለሁ አልኩ።" ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። "አየሽ፣ ገና ካባውን ሳልለብስ በአንድ ሰው ላይ ፈርጄ ነበር።"

የፒክአፕ መኪና ድምፅ ተሰማ።

*

ጋርላንድ የሚስቱ ስም የተጻፈባቸውን ሰሌዳዎች እንደ ማገዶ ታቅፎ በረንዳው ላይ ወጣ። ሁለቱን ሴቶች አያቸው። ከፊታቸው ነገሩን አነበበው። ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

"ጋርላንድ፣ አንድ ቃል እንዳትናገር!" ሊዮና ብድግ አለች። "ጠበቃ ትይዛለህ። ሰማኸኝ? አንድ ቃል!"

"ልክ ናት" አለች ዳርላ። "ዝም የማለት መብት አለህ። የምትናገረው ሁሉ ይመዘገብብሃል።"

"ስንት ዓመት ነው ዝም የምለው?" አለ ጋርላንድ። የሚያየው ዳርላን አይደለም፤ ሚስቱን ነው። "መስተዋት ብቻ ነበር ሊዮና። እምልልሻለሁ። አንድ መስተዋት።"

"ዝም በል አልኩህ!"

"መብራት የለም። ሰው የለም። ሁሉም እራት ላይ ነው ብዬ ነው። ፖስተሩ ላይ አንድ ጥይት፣ ከዚያ አብረን ሄደን እናገኘዋለን፣ አንቺ ትደነግጫለሽ፣ ሰው ያዝንልሻል። በቃ። ይኸው ነው ሐሳቡ።"

"በረዶውን አስቀድመህ መኪና ላይ ጫንክ" አለች ዳርላ።

"ጫንኩ። በግርግሩ መሃል ወጣሁ። ተኩሼ ተመለስኩ። ሰዎች ሲቀልዱብኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የሰራልኝ መስሎኝ ነበር።"

"ለምን ጋርላንድ?" ይህን የጠየቀችው ሊዮና ናት። ያ የፈራችው ጥያቄ በመጨረሻ ከአፏ ወጣ።

"ያኔ ስትሸነፊ፣ መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ድምፅሽ እንዳይሰማ ውሃውን ከፈትሽ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የማዕድኑ ጉድጓድ ከተዘጋ ወዲህ የምበላው ያንቺን እንጀራ ነው። ያንቺ ወንበር ግን ሽማግሌው ሥር ነው። ሐቀኛ ሆነሽ ስትሠሪ ያየሽ የለም። አንድ ቀን ብትበደዪ ግን ሁሉም ያይሻል። ይሄ አገር እንዲህ ነው።" አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ዶይልን ደግሞ፣ ምንም የላቸውም፣ ይለቁታል ብዬ ነበር። ዛሬ ይለቁታል፣ ነገ ይለቁታል..."

"ጠመንጃው የት ነው?"

"ውሃ የሞላው የድሮ ድንጋይ ማውጫ ውስጥ። ወስጄ አሳይሻለሁ።"

ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። ዳርላ ካቴናውን ስታስርለት ሊዮና አላለቀሰችም። ቀረብ ብላ የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈችለት፤ ውጭ ብርድ ነበር።

*

ዶይል ናፒየር ከእስር ቤቱ በጎን በር ሲወጣ ሊዮና ደጅ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ዳርላ እንዳትሄድ መክራት ነበር። እሷ ግን ቀደም ብላ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄዳ የዳኝነቱን ቃለ መሐላ እንደማትፈጽም አስታውቃ ነበር የመጣችው።

"ዶይል" አለች። "ከእሑድ ጀምሮ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ላንተ ልነግርህ ነው የመጣሁት፤ ይቅርታ አድርግልኝ ልል አይደለም።"

ዶይል ከላይ እስከ ታች አያት። እጁ ላይ ያለው ጥቁረት ገና አልለቀቀም።

"ባልታሰር ኖሮ ለማን እመርጥ እንደነበር ታውቂያለሽ?"

ሊዮና ቀና ብላ አየችው።

"ለሽማግሌው። እሱ የሚጠላኝ ፊት ለፊት ነው።"

ያንን ብሎ ኮፍያውን አጠለቀና ከረጢቱን ሊፈልግ ወደ ጅረቱ ወረደ።

ከተማው በነገሩ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ባሏን ሸጠች አለ፤ ገሚሱ ካልተጠየቀች መች ትናገር ነበር አለ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ወንበሩ ላይ የግዛቱ ገዥ ከሌላ ከተማ አንድ ሰው ሾሙበት። ዳኛ ስታምፐር እንደገና ልሞክር አላሉም፤ በረንዳቸው ላይ ፖማቸውን እየላጡ ቀሩ።

የጋርላንድ ጉዳይ የታየው በክረምቱ መጨረሻ፣ ከጎረቤት አውራጃ በመጣች ዳኛ ፊት ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዶይል ናፒየር ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጋርላንድ ብርቱካንማ የእስር ልብስ ለብሷል፤ ከስቷል። አጠገቡ የተቀመጠው ወጣት የመንግሥት ጠበቃ ሙያውን ከሊዮና የተማረ ነው።

ሊዮና ተመልካቾች መካከል ነበረች። በሁለቱም ጎኗ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ዳርላ እያነከሰች መጥታ አንደኛውን ያዘች።

"አቶ ብራንሃም" አለች ዳኛዋ። "ሚስ ኢነዝ ታኬትን ለሞት ያበቃውን ጥይት ተኩሰሃል?"

ደንበኛ ሁሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣበት የሚያየው ጠበቃውን ነው። ጋርላንድ ግን ወጣቱን አልፎ፣ ትከሻውን አዙሮ፣ ከኋላ ያለችውን ሚስቱን አየ። አዳራሹ በሙሉ አብሮት ዞረ።

ሊዮና ራሷን ለእሺታ አልነቀነቀችም። ለእምቢታም አልወዘወዘችም። ዓይኑን ብቻ አየችው፤ እስኪበቃው ድረስ።

ጋርላንድ ወደ ዳኛዋ ተመለሰ።

"ተኩሻለሁ" አለ።